የአክስቴ ሳህሊቱ ላም

ግንቦት 5፣ 2007

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። የክትባቱ ፍሪጅ ዝም ብሏል። ብልቃጦቹን ጄኔሬተር ወዳለው ክሊኒክ ላክናቸው።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። አቶ ብርሃኔ፣ የእንስሳት ክፍላችን ኃላፊ፣ ከሐዋሳ የመጣ ደብዳቤ አነበበልን። ኅዳር ላይ ፓሪስ ትልቅ የአየር ንብረት ስብሰባ አለ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አገር ምን ያህል በካይ ጋዝ እንደሚቀንስ ቃል ይገባል። እኛም እንገባለን። ከደን፣ ከመብራት ኃይል፣ ከመኪና… ከከብትም። የከብቱ ነገር እኛ ጋ ደረሰ። ላም ስታመሰኳ የምታወጣው ጋዝ አየሩን ያሞቃል። ስለዚህ ላም ይቀንስ፣ ዶሮ ይብዛ። ሳይንሱ ልክ ነው። እኔም ተምሬዋለሁ።

ሳሚ ከሁላችን ወጣት ነው። "የወላይታን ሰው ሥጋ ተው ልትሉት?" አለ። ሁሉም ሳቀ። አቶ ብርሃኔም ሳቀ። ከዚያ "ማን ይያዘው?" ሲል ሳቁ ቆመ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። እኔ ሳላቀረቅር ቀርቼ መሰለኝ…

"ዘሩባቤል፣ አንተ ፎካል ፐርሰን ነህ።"

ተጠሪው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ግንቦት 7

ለባለቤቴ ለሩት ነገርኳት። የተማሪ ፈተና እያረመች ነበር።

"ላም አገሳች ብለህ ልትከስ ነው?"

"እኔ አይደለሁም። ሳይንሱ ነው።"

"አበል አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ሂድ።"

ቀይ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

ግንቦት 26

ከገሱባ ወጣ ብላ ያለች ቀበሌ ሄድን። የእናቴ አገር ናት። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ተይዛ በሰው ትከሻ ወጣች። ሕዝቡ በምርጫው ሰሞን በስብሰባ ሰልችቷል። ቢሆንም መጣ፤ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

በወላይትኛ አስረዳሁ። ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ሲነበብ ከባድ የነበረው ነገር በወላይትኛ ስለው ለራሴም አሳቀኝ። ላም ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ታገሳለች፣ ዓለም ይሞቃል…

ጋሼ ጩማ እጁን አወጣ። የቅርጫ ማኅበራቸው ሰብሳቢ ነው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በሬ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚከበረውም በዚሁ ነው።

"ጥያቄ አለኝ አቶ ዘሩባቤል። የኔ በሬ ሌሊት ሲያገሳ እዚያው ቤት ተኝቼ አልሰማውም። ፓሪሶቹ በምን ሰሙት?"

ሳቅ።

"የዓለም ከብት ሁሉ ተደምሮ ነው ጋሼ ጩማ።"

"የነሱም ላም ያገሳል?"

"ያገሳል።"

"እነሱ በዶሮ ለወጡ?"

"… ገና እየተነጋገሩ ነው።"

"ጥሩ። እነሱ ሲጨርሱ ንገረን። ደግሞ ቅርጫችን አርባ አባወራ ነው። ዶሮ አርደን ላባውን ነው የምንካፈለው?"

ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተንከባለሉ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ሳቁ ሲበርድ ግን ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ። ከየቀበሌው ቢያንስ አንድ ሞዴል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ላም ሸጦ ቄብ ዶሮ የሚረከብ።

"ማን ይጀምራል?" አልኩ።

ጸጥ አለ። ሁሉም ሣር ይነጫል። ወንዶቹ ዱላቸውን ያያሉ። ላብ ጀርባዬን ወረደ። አንድ ደቂቃ ይሁን አምስት… ረጅም ነበር።

ከሴቶቹ በኩል አክስቴ ሳህሊቱ ተነሳች።

"እኔ እጀምራለሁ" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

በዕድሜ ብዙ አትበልጠኝም። የእናቴ ጎሳ ናት፤ ስለዚህ አክስቴ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ላም ነው፣ ዳማ። ቅቤዋ ከዚያች ላም ነው። የእንሰቷ ፍግም ከዚያች ላም ነው።

ሰው ሲበተን ጠጋ አልኳት።

"አክስቴ፣ ለምን ተነሳሽ?"

"ታዲያ የእህቴ ልጅ በሰው ፊት ብቻውን ሲገተር ቁጭ ብዬ ልይ? እናትህ ብትኖር ምን ትለኛለች?"

"የጋዙ ነገር ገብቶሽ ነው?"

"የምን ጋዝ?"

እዚያው ላይ "ተዪው" ማለት እችል ነበር። ስሟን መዘገብኩ።

ሰኔ 3

አገራችን ቃሏን አስገባች። አቶ ብርሃኔ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ነገረን። እስከ ፈረንጆቹ 2030 ድረስ ስድሳ አራት ከመቶ። ዛሬ ከምናወጣው አይደለም የሚቀነሰው… ወደፊት ልናወጣ ከምንችለው ነው። ይህን ለጋሼ ጩማ በወላይትኛ ለማስረዳት አልሞክርም።

ሰኔ 15

ሳህሊቱ ላሟን ገሱባ ገበያ ሸጠች። ሌላ ቀበሌ ሥራ ነበረኝ፤ አብሬ አልሄድኩም። ሥራው ሊቆይ የሚችል ነበር።

ሰኔ 28

ቄቦቹን አስረከብን። ሁለት አውራም አለበት። ላሟ ታድርበት የነበረውን የቤቱን ግማሽ በቀርከሃ ከልላ አዘጋጅታለች። ዶሮዎቹ እዚያ ስፋት ውስጥ ሲገቡ ግድግዳ ግድግዳውን ያዙ። መሀሉ ባዶ።

"ቤቱ ሰፋ" አለች ሳህሊቱ።

"ሙቀቱስ?"

"እሱማ ሄደ።"

ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ላም የወጣችበት ቤት ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረኝ አይገባም። እዚህ ነው ያደግሁት።

ሐምሌ 17

ከአዲስ አበባ እንግዳ። ሊድያ ትባላለች፤ ከሚኒስቴር ነው የመጣችው። ፓሪስ ከሚሄዱት ተደራዳሪዎች አንዷ ናት። ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ በባዶ እግሯ የገባች የመጀመሪያዋ የአዲስ አበባ ሰው… ወደድኳት።

ፎቶ አንሺ ይዛ ነው የመጣችው። ሳህሊቱን ከዶሮዎቿ ጋር አነሳት። ዶሮዎቹ ያን ጊዜ ደልበዋል። ሳህሊቱ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች፤ አልሳቀችም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳት።

"እኛ ግን ስንት ነው የምናወጣው? ከዓለም?"

"ከምንም የሚቆጠር አይደለም ጋሽ ዘሩባቤል።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ እንደዚያ አዳራሽ ዓይነት አይተው አያውቁም። ሁለት መቶ አገር ተቀምጦ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። አሜሪካ ቻይናን ያያል፣ ቻይና አሜሪካን። ዓመት አልፎ ዓመት ይመጣል። አንድ ሰው መነሳት አለበት። ድሃው አገር ቀድሞ ሲነሳ ሀብታሙ ያፍራል።"

"ያፍራል?"

ሳቀች። "ይፈር አይፈር እንግዲህ… ቢያንስ አፍ ይኖረናል። ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለም የተነሳነው። ቃላችን ላይ አስቀምጠናል፤ ገንዘቡም ቴክኖሎጂውም ከመጣ ነው።"

ሳህሊቱ ምንም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠችም፣ ብዬ አሰብኩ። መስኮቱን አየሁ። ዝናብ ጥሩ አልያዘም ዘንድሮ።

ነሐሴ 12

ጋሼ ጩማ ደወለ። እሱ ሲደውል ለቀልድ ነው ብዬ…

"ዶሮዎችህ አንገታቸውን እያዞሩ ኋላ ኋላ እያዩ ነው። አዲስ አበባ ናፍቋቸው ይሆን?"

ፈንግል ነው። ክትባቱ ገና ሐዋሳ ነው፤ ያለውን ደግሞ እንደገና የጠፋው መብራት በላው። ለሳህሊቱ በስልክ የታመመውን ለይታ እንድታርቅ ነገርኳት። ሁሉም ታሟል አለችኝ።

ነሐሴ 16

አንድ አውራ ተረፈ። የሞቱትን ቀብራለች። ምን አለች? "ያንተ ጥፋት አይደለም" አለች። ባትል ይሻለኝ ነበር።

ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጻፍኩ። ዶሮዎቹ በፈንግል ሞተዋል፣ ቤተሰቡ ላም የለውም፣ ምትክ ይታሰብበት። አቶ ብርሃኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ምትክ ለመጪው በጀት ዓመት እንኳ የለም፤ አውቃለሁ።

መስከረም 16፣ 2008

ጊፋታ። ከሩት ጋር ወደ እናቴ አገር ወጣን። መንገዱ ሁሉ "ዮ ዮ ጊፋታ"። በየሜዳው በሬ ተጥሏል። ጋሼ ጩማ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ ሰላም አለን።

"አቶ ዘሩባቤል! የኛ በሬ ትናንት የመጨረሻውን አገሳ። ለፓሪስ አሳውቅልን።"

ሳህሊቱ ቤት ገባን። ቆጮው ቀረበ፣ ጎመኑም። ሥጋም ነበር፤ ጩማ ከድርሻው ልኮላት ነው። አንድ ነገር ግን ጎደለ። መጀመሪያ አፌ ነው ያወቀው፣ ከዚያ አፍንጫዬ። የጊፋታ ቆጮ በቅቤ መራስ ነበረበት። ይሄ በፓልም ዘይት ነው… ከገሱባ ሱቅ፣ በጄሪካን የሚመጣው።

ሩት አየችኝ። በላሁ።

የሴቶቹ የቅቤ እቁብ አለ፤ በየሳምንቱ ቅቤ ይጥላሉ፣ በዙር ይወስዳሉ፣ ለጊፋታም ያከማቻሉ። ላም የሌላት አትጥልም። ሳህሊቱ ሰኔ ላይ ወጥታለች። ከባሏ ሞት በኋላ እንኳ አልወጣችም ነበር። ዛሬ ሴቶቹ በደጇ ሲያልፉ ፀጉራቸው ቅቤ ለብሷል። የሷ ደርቋል። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባዋለች።

ጓሮ ዞሬ እንሰቷን አየሁ። የዘንድሮው ተክል ቅጠሉ ገርጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ይብሳል።

ሲመሽ መኪና ውስጥ ሩት እንዲህ አለች፦ "አንተን ከኀፍረት ለማዳን ነው የተነሳችው አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቃል ዘሩ።"

ጥቅምት 10

ሁምቦ ነበርኩ። ዝናቡ በልግም ክረምትም ከዳ። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። እኔ ለመኖ እደላ ነው የተላክሁት። የመጣው ድርቆሽ ለግማሹም አልበቃም። ሰዉ ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳል። ገዢ ግን የለም። አንድ ሰውዬ ላሙን ከአጥሩ ጋር አስሮ ትቷት ሄደ፤ አይቼዋለሁ። ዞር ብሎ አላየም።

እዚህ ያሉትን ከብቶች ሳያቸው ማን ማንን እንዳሞቀ ጠፋኝ። ሳይንሱ ልክ ነው። እኔም እንደ ባለሙያ እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ…

አንዲት ጊደር አየሁ። አጥንቷ ቢወጣም ዓይኗ ጥሩ ነው። ጥርሷን ከፍቼ አየሁ። ገዛኋት።

ሩት ለአጥር ያስቀመጥነው ገንዘብ ነው አለችኝ። ነው። አጥሩ ይቆይ።

ጥቅምት 17

ጊደሯን በአይሱዙ ጭኜ እስከ ገሱባ፣ ከዚያ በእግር። ሳህሊቱ ከደጅ ቆማ ጠበቀችን።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ላም ናት።"

"ዓይን አለኝ። ለማን ናት?"

"የኔ ናት። በርቢ ልሰጥሽ ነው።"

ዞረቻት። ሽንጧን ዳሰሰች። እኔ የማደርገውን ሁሉ አደረገች፤ ጥርሷን ጭምር።

"ስጦታ ከሆነ መልሳት።"

"ስጦታ አይደለም። ርቢ ነው አልኩሽ። ወተቱና ፍጉ ያንቺ፣ የመጀመሪያው ጥጃ የኔ፣ ሁለተኛው ያንቺ።"

"ሁለተኛው የኔ?"

"እንደማንኛውም ሰው።"

"ቢሮህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ወደ በሩ ዞረች። "እዚህ ሞዴል ነሽ ብለው ቆርቆሮ ሰቅለውብኛል።" እውነት ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ ታፔላ አለ። ስለ አየር ንብረት የሚል።

"ይሰቀል።"

"እሺ" አለችና የቀርከሃውን ከለላ በአንድ እጇ ነቀለችው። አውራው ዶሮ ጮኾ ወጣ።

ኅዳር 24

ሊድያ ከፓሪስ በቫይበር ፎቶ ላከችልኝ። ትልቅ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ሳህሊቱ። ከሰው ቁመት ትበልጣለች። ዶሮዎቹ በእግሯ ሥር። ከታች በእንግሊዝኛ፣ አንዲት የገጠር ሴት አገሯ የገባችውን ቃል በቤቷ ጀምራለች ይላል።

ቀበሌዋ ድረስ ወጥቼ ስልኬን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ወፍረው ነበር" አለች። ዶሮዎቹን ነው።

"አዎ።"

"እኔን የሚያዩት እነማን ናቸው?"

"የብዙ አገር ሰዎች። የሚደራደሩት።"

"ላሟን ምን አደረገቻት ብለው ጠየቁ?"

"አይመስለኝም።"

ስልኩን መለሰችልኝ። ጊደሯ ከኋላዋ ታመሰኳለች። ደልባለች፤ አንድ ወር እንኳ ብዙ ነው።

ፎቶው ሐሰት ነው? ሲነሳ እውነት ነበር።

ታኅሣሥ 3

በሬዲዮ ሰማሁ። ትናንት ማታ ተስማሙ። አጨበጨቡ፣ ተቃቀፉ። ሁሉም አገር ቃሉን በራሱ ያስቀምጣል፣ የሚያስገድደው የለም። ሀብታሞቹ ይረዳሉ ተብሏል።

ጋሼ ጩማ ደወለ። "ጨረሱ ወይ?"

"ጨረሱ።"

"ላሞቻቸውን ለወጡ?"

"ይነጋገራሉ።"

"እኔም ያልኩህ እሱን ነው።"

ጥር 10

አቶ ብርሃኔ ጠራኝ። ደስ ብሎታል። ሊድያ የውጭ እንግዶች ይዛ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። ፎቶው ላይ ያዩዋትን ሴት ማየት ይፈልጋሉ።

"ዝግጁ ናት?"

"ዶሮዎቹ ሞተዋል። ሪፖርት ላይ አለ።"

"የትኛው ሪፖርት?"

ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከሌሎቹ ሥር። አወጣሁለት። አነበበው። መልሶ እዚያው ሥር ከተተው።

"ዶሮ ከጎረቤት አሰባስብ። ለአንድ ቀን።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሚቀጥለው ስብሰባ ሞሮኮ ነው ዘሩባቤል። ከዞን አንድ ሰው ይሂድ ተብሏል። ስምህን ነው የያዝኩት።"

ሞሮኮ። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

ላም እንዳለ አልነገርኩትም። ሪፖርቱም ላይ የለም፤ ያን ስጽፍ አልገዛኋትም ነበር።

ጥር 15

ቀበሌ ሄድኩ። ጋሼ ጩማ ወሬው ቀድሞ ደርሶታል።

"ዶሮ እናዋጣለን፣ ችግር የለም። ላሟንም ለአንድ ቀን እኔ ጋ እናስራት። ከበሬዬ ጋር ተስማምተው ያግሱ።"

አቶ ብርሃኔም ቢሰማ ይህንኑ ነበር የሚለው። እኔም… እኔም ገመዱን ለመፍታት እጄን ዘርግቼ ነበር። ሳህሊቱ መሀል ገባች።

"ላም ደብቄ እንግዳ አልቀበልም።"

"አክስቴ፣ ለአንድ ቀን ነው።"

"ግንቦትም አንድ ቀን ነው ያልኩት። ተነስቼ የተቀመጥኩት ለደቂቃ ነው። እየው ስንት ወር ሆነው።"

እጄን ከገመዱ ሰበሰብኩ።

ጥር 18

መጡ። ሦስት ፈረንጆች፣ ሊድያ፣ አቶ ብርሃኔ አዲስ ኮት ለብሶ። ረጅሙ ፈረንጅ አጎንብሶ በሩን አለፈ፣ ቀና ሲል ከጊደሯ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እሷ ማመስኳቷን አላቆመችም።

የሆነ ነገር ጠየቀ። ሊድያ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ "ይቺ ላም የማን ናት?"

እኔ በወላይትኛ ጠየቅሁ። ሳህሊቱ በአገጯ ጠቆመችኝ።

"የሱ ናት። ዶሮውን የሰጠኝም እሱ ነው። ዶሮው አለቀ፤ ላም አመጣ። እንሰቴ ፍግ ይፈልጋል። እሱ ያውቃል፣ የኛው ልጅ ነው።"

አቶ ብርሃኔ ወላይትኛ ይሰማል። ጣሪያውን አየ። ሊድያ አትሰማም፤ እኔን ጠበቀች። ከሳህሊቱ አፍ እስከ ሊድያ ጆሮ ድረስ ያለው መንገድ እኔ ብቻ ነኝ። አሳጥሬ ማለፍ እችላለሁ። ሌላ ላም፣ ሌላ ባለቤት… ሞሮኮ ትዝ አለኝ፤ አልዋሽም።

ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሊድያ ወደ ፈረንጁ ዞረች። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ሳህሊቱ ካለችው በጣም ረዘመ። ምን እንደጨመረች አልያዝኩትም። ፈረንጁ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ሲወጣ የጊደሯን ግንባር ዳበሰ።

መኪናው ጋ ሊድያ ብቻዬን አገኘችኝ።

"ጋሽ ዘሩባቤል፣ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ስለ ዶሮዎቹ ሪፖርት ላይ ጽፌ ነበር።"

"ሪፖርት ማን ያነባል?" ልትስቅ ጀምራ ተወችው። "ፎቶው ግን ያን ጊዜ እውነት ነበር፣ አይደል?"

"ነበር።"

"አንድ ሰው መነሳት ነበረበት" አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

"ተነሳች እኮ" አልኩ። "ከዚያ ማን ተከተላት?"

በሩን ዘጋች። መጥፎ ሰው አይደለችም።

ጥር 20

አቶ ብርሃኔ አልጮኸም። እንዲያውም ቁጭ በል አለኝ።

"ወይ ላሟ ከዚያ ቤት ትውጣ፣ ወይ አንተ ከዚህ ሥራ ውጣ። የአየር ንብረት ፎካል ፐርሰን በፕሮጀክቱ ቤት ላም አስሮ… ራስህ እየው።"

አየሁት። ልክ ነው፣ ያስቃል።

"እስከ ሰኞ አስብበት።"

"እኔ ልውጣ።"

"ሞሮኮስ?"

"ሳሚ ወጣት ነው" አልኩ።

ሩት ምን አለች? "አጥሩም የለም፣ ሞሮኮም የለም" አለች። ከዚያ እራት አቀረበች።

የካቲት 9

ወደ ቀድሞ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ክትባት ዘመቻ፣ ቦምቤ። አቧራ። አበሉ ያነሰ ነው፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። በሬ ይዘህ መርፌ ትወጋለህ፣ አለቀ።

የካቲት 21

ጊደሯ ሳትከብድ አልቀረችም አለች ሳህሊቱ በስልክ። ሰው ካላባረረው አውራው ዶሮ ጀርባዋ ላይ እንደሚወጣም ነገረችኝ።

መጋቢት 4

እሑድ። ጊደሯን ለማየት ወደ ቀበሌው ወጣሁ። እውነት ነው፣ ከብዳለች። ሳህሊቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቀሚሷን ለውጣ እበቱን ወደ እንሰቱ እያወጣች ነበር። እስክትጨርስ ረዳኋት። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ስትወልድ ወደ ቅቤ እቁቡ እመለሳለሁ አለች፤ ሴቶቹ ተራዋን ይዘውላታል።

ሜዳው ላይ ስብሰባ ተጠርቷል ተባለ። አብሬያት ሄድኩ፤ ከሰዉ መሀል ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከፊት ሳሚ ቆሟል። አላወቅሁም ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ወላይትኛው ከኔ ይሻላል። ላም ትበላለች፣ ታመሰኳለች… ሰዉ ሳቀ፤ እንደ አምና አይደለም ግን። የሰሙት ቀልድ ነው። ጋሼ ጩማ እጁን አላወጣም። እሱ እጁን አለማውጣቱ ደስ አላለኝም።

ከዚያ ሳሚ "ማን ይጀምራል?" አለ።

ጸጥ።

ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ከዚህ በኩል ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም እንጂ። ከዚህ ሲሰሙት ያን ያህል ረጅም አይደለም። ሣር አለ፣ ትነጫለህ። ሳሚ ግን ላብ ላብ አለው። ዓይኑ ሰዉን እየቃኘ መጥቶ እኔ ላይ ቆመ። አወቀኝ። ልጁ አንድ ቢሮ አብሮኝ ሠርቷል፤ ሥራውንም የጣልኩበት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ቀበሌ ላም አለኝ። አንድ ሰው ቢነሳ ይበቃዋል…

እግሬ ነው የጀመረው። ከሣሩ ነቀል አልኩ።

የለበስኩት ኮት ጫፉ ከኋላ ተያዘ። አክስቴ ሳህሊቱ ናት። ወደ እኔ አላየችም፤ እንደ ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ነው የምታየው።

"ተቀመጥ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ተቀመጥኩ።

አንድ ሰው አሳለ። ከሩቅ ከብት ጮኸ። ማንም አልተነሳም። ሳሚ ጥቂት ጠበቀ፣ "እንግዲህ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን" አለ፣ ወረቀቱን አጠፈ። ሰዉ አመስግኖት መነሳት ጀመረ።

ኮቴን የለቀቀችው ያን ጊዜ ነው።